እትዬ ዘመነች በደረቅ መሬት ሲዋኙ

ስለ እትዬ ዘመነች ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ እትዬ ዘመነች ስፖርት አያውቁም። በግቢው ሲያልፉ ኳስ ወደ እሳቸው ከመጣ ቦርሳቸውን ፊታቸው ላይ ጋርደው «በስመ አብ!» ይላሉ እንጂ አይመልሱትም። አንድ ቀን ልጆች ውድድር ላይ ሳሉ ሜዳውን መሃል ለመሃል አቋርጠው ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ፣ በረኛው ሰላም ሊላቸው ቆብ አውልቆ ጎንበስ ሲል ጎል ገባበት። እሳቸው «ጎበዝ ልጅ፣ ሥነ ሥርዓት ያለው!» ብለው መርቀውት አለፉ። እኔ ፊሽካዬን አፌ ውስጥ አድርጌ ምን እንደምፈርድ ጠፋኝ።

እኔ ክብሮም እባላለሁ፣ የስፖርት መምህር ነኝ። ቶሎ ትግላለህ ይሉኛል። እውነት ነው፣ እግላለሁ፤ ግን የእኛን ሜዳ አይቶ የማይግል ካለ እስኪ ይምጣ። ትምህርት ቤታችን ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ሜዳው ክረምት ጭቃ ነው፣ በጋ አቧራ ነው፣ ንፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲነሳ ደግሞ ክፍል ያሉት መስኮት ዘግተው ይማራሉ፣ እኔና ልጆቼ ግን የምንዘጋው የለንም። እትዬ ዘመነች ሜዳውን በሚያየው ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ለን እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። በወጣትነታቸው ከጎጃም በዝውውር መጥተው እዚሁ ቀሩ። ያኔ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተው ያስመዘግባሉ። ባል አግብተው ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም አልወለዱም። «ልጅ አለዎት?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሰው «አዎ፣ ሁለተኛ ለ» ብለው ይመልሳሉ። ሰው ቀልድ ይመስለዋል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንደገባ ነው። አምስተኛ ክፍሎችን የዱላ ቅብብል እያለማመድኩ ነበር። በድንገት ከሁለተኛ ለ መስኮት ያ ሁሉ ልጅ ባንድ አፍ «ባስኬትቦል!» ብሎ ጮኸ። የእኔዎቹ ዱላውን ጥለው «የት አለ?» ብለው ዞሩ። ተመልሰው ሳይሰለፉ «ቴኒስ!» መጣ። ቀጥሎ «ራኒንግ!» ሲባልማ ግማሾቹ ያለ ፊሽካ ሮጡ። ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ሙሉ ፊሽካ ጠብቁ እያልኩ የለፋሁት ልፋት በአንዲት ቃል አፈር በላ።

መስኮቱ ጋ ሄጄ ሳይ፣ እትዬ ዘመነች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ጠረጴዛው ላይ ስልካቸው በጠመኔ ካርቶን ተደግፎ ቆሟል፤ ከጎኑ ትንሽ ስፒከር አለች። የስልኩን ስክሪን ከፊተኛው ዴስክ በስተቀር ማንም አያየውም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል፤ ስልኩ ይናገራል፣ እሳቸው ያሳያሉ። ስልኩ «ባስኬትቦል» ሲል እትዬ ዘመነች ባዶ እጃቸውን ከጀርባቸው አምጥተው ወረወሩ። አወራወራቸውን ላየ፣ ውሻ ከግቢያቸው እያባረሩ ነው።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብዬ በሆዴ ተረትኩ። ግን በሆዴ መያዝ አልችልም፤ ገባሁ።

«ይቅርታ እትዬ ዘመነች፣ ይሄ ባስኬትቦል አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ይሄ ውሻ ማባረር ነው።»

ልጆቹ ዴስክ እየደበደቡ ሳቁ። እሳቸው አልተቀየሙም፤ እንደውም ፊታቸው በራ። «እንግዲያው አንተ አሳየና! መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ መተቸትማ ለማን ይጠፋል?» አሉኝ።

አሳየሁ። ከዚያ ቴኒስን አሳየሁ፣ ከዚያ ቮሊቦልን። አምስተኛ ክፍሎች ሜዳ ላይ መኖራቸውን ያስታወስኩት አንዱ መጥቶ «ቲቸር፣ ዱላው ተሰበረ» ሲለኝ ነው። እንዲህ ነው የተያዝኩት። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እግሬ ወደዚያ መስኮት ይወስደኝ ጀመር።

ቪዲዮውን ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ያገኙት ነው፤ ለሕፃናት የስፖርት ስም የሚያስተምር። ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ፈገግተኛ ልጅ ትመጣና «ሄሎ ፍሬንድስ!» ትላለች፤ ከዚያ አንድ ስፖርት ትጠራና እስኪደገምላት ዝም ትላለች። ችግሩ የእኛ ልጆች መድገም ላይ ቀልድ አያውቁም። ፊደል ከቆጠሩበት ቀን ጀምሮ የለመዱት ነው፤ ከፊት ያለው ተናግሮ ዝም ካለ ይደገማል፣ አለቀ። ስለዚህ ስልኩ ያለውን ሁሉ ደገሙ። ከቪዲዮው በፊት የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ይመጣል፤ ሴትዮዋ ፀጉሯን ስታወዛውዝ ሙልጭ ብሎ የተላጨው ሁሉ ራሱን ያወዛውዛል። ማስታወቂያውን ለማለፍ ትንሽ መጠበቅ አለ፤ እትዬ ዘመነች ጊዜው እንዳይባክን «ፋይቭ፣ ፎር፣ ስሪ፣ ቱ፣ ዋን» ብለው ያስቆጥሩና «ስኪፕ!» ሲባል በጣታቸው ነክተው ያሳልፉታል። ስኪፕ ማለት እለፈው ማለት እንደሆነም በደንብ አስረድተዋቸዋል። እንግሊዝኛ ቁጥር ወደ ኋላ መቁጠር የሚችል ሁለተኛ ክፍል በእኛ ሰፈር ያ ክፍል ብቻ ነበር።

የማያውቁት ስፖርት ሲመጣ ደግሞ እኔን ይጠሩኛል። «ክብሮም፣ እነዚህ ሰዎች ቆልማማ ዱላ ይዘው የሚሯሯጡት ምን ሆነው ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። «ሆኪ ነው፤ ገና ማለት ነው፣ የገና ጨዋታ» አልኳቸው። «ውይ! እሱንማ ወንድሞቼ ቅልጥማቸው እስኪዝል ሲጫወቱት ነው ያደግኩት!» ብለው ማስመሪያቸውን አነሱ። ያን ቀን ሆኪን ያሳዩት እኔንም በሚያስንቅ ሁኔታ ነው። በበረዶ ላይ መንሸራተቱ ሲመጣ ግን ሁለታችንም ተያየን። ከኋላ ዴስክ አንድ ልጅ «እኔ አውቀዋለሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ በማዳበሪያ ከረጢት ቁልቁለቱን የምንወርደው ነው» አለና ገላገለን።

ከሁሉም አስቸጋሪው ስዊሚንግ ነበር። ከትምህርት በኋላ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ወስጄ አለማመድኳቸው። «ክንድዎን በጆሮዎ ጎን አሳልፈው ወደ ፊት ይላኩ፤ አዎ፣ አሁን ሌላውን» እላለሁ። እሳቸው አፈር ላይ ቆመው ይቀዝፋሉ።

«እኔ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው» አሉኝ እያለከለኩ። «ለመሆኑ አንተ ትዋኛለህ?»

«ኮሌጅ ተምሬዋለሁ።»

«የት ውሃ?»

«ጥቁር ሰሌዳ ላይ።»

ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ሁለት ዋና የማንችል ሰዎች ሌላውን ዋና ልናስተምር ተነሥተን ነበር።

እዚያው ስዊሚንግ ላይ ሌላም ጣጣ ነበረ። ቪዲዮው እዚያ ቦታ ሲደርስ ኔትወርኩ ይደክመዋል። ሁልጊዜ እዚያው። ባለ ቢጫ ኮፍያዋ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች፤ ስክሪኑ መሃል ትንሿ ክብ መዞር ትጀምራለች። ሌላ መምህር ቢሆን ስልኩን ይደበድባል። እትዬ ዘመነች ግን አንድ ክንዳቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ ይቆማሉ፤ ልጆቹም እንዲሁ። «ክቧ እስክትጨርስ ማንም እጁን አያወርድም» ይላሉ። ከዚያ በራሳቸው ድምፅ፣ ስልኩ ያላስተማራቸውን መጠየቅ ይጀምራሉ። «ዋት አም አይ ዱዊንግ?» ልጆቹ «ዩ አር ስዊሚንግ!» ቀጥለው በጣታቸው ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ። «ኢዝ ሂ ስዊሚንግ?» «ኖ! ሂ ኢዝ ስታንዲንግ!» ከዚያ ከዴስክ ዴስክ እየዞሩ አንድ በአንድ፣ ዝም የሚለውንም፣ የሚያፍረውንም። ክቧ ስትቆም ወደ ቪዲዮው ይመለሳሉ። እውነቱን ልናገርና እኔ ይሄን ጊዜ መግደያ ነበር የምለው፤ ኔትወርኩ እስኪመጣ የሚደረግ ወሬ።

የከፋው ነገር የመጣው በርሆቦት ነው። ርሆቦት የሁለተኛ ለ ልጅ ነች፤ ቁመቷ ትንሽ፣ ድምፅዋ ትልቅ። እናቷ ፅዮን ጦር ኃይሎች ሰፈር የልጆች ልብስ ትሸጣለች። የጴንጤ ቤተሰብ ናቸው፣ ቤታቸው ጸሎትና እንግዳ አይጠፋውም። አንድ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ምሳ ተጋብዘው ሊመርቁ ተነሡ። ሽማግሌው ለቤቱ ጸለዩ፣ ለሰፈሩ ጸለዩ፣ ለከተማው፣ ለአገር፣ ወደ አህጉሩ እየተሻገሩ ሳለ ወጡ ቀዘቀዘ። በዚህ መሃል ዓይኗን ጨፍና የቆመችው ርሆቦት ጥርት ባለ ድምፅ «ፋይቭ፣ ፎር፣ ስሪ፣ ቱ፣ ዋን፣ ስኪፕ!» አለች።

እንግዶቹ ሳቃቸውን አፍነው አሜን አሉ ይባላል። ፅዮን ግን በሀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሰኞ ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ትምህርት ቤት መጣች።

እኔ አዲስ ኳስ እንዲገዛልኝ ልለምን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ኃይለመስቀል ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ንግግራቸው ግን እንደ ሽማግሌው ጸሎት ነው። ፅዮን ቆማ ተናገረች። «ልጄን እንግሊዝኛ እንድትማር ነው የላክኋት። ስልክ ሲያሳዩዋት ይውላሉ አሉ! ማስታወቂያ ነው የምታጠናው። ፀጉር ማወዛወዝ ነው የተማረችው!»  እናት ነች፤ አልፈረድኩባትም።

እትዬ ዘመነች ተጠሩ። ገብተው ሁሉንም ሰምተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እውነቷን ነው፤ ማስታወቂያውን አብሬ ማስደገሜ ጥፋት ነው» አሉ። «ግን አቶ ኃይለመስቀል፣ እኔ እንግሊዝኛን የተማርኩት እንግሊዞች ሲናገሩ ሰምቶ ከማያውቅ መምህር ነው። እሱም እንደዚያው ካልሰማ ሰው። እነዚህ ልጆች እንኳ ከምንጩ ይጠጡ ብዬ ነው ስልኩን ያመጣሁት።»

አቶ ኃይለመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያወልቁ ጥሩ ነገር አይመጣም። «እትዬ ዘመነች፣ ወላጅ ካዘነ እኔ ዝም ማለት አልችልም። የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ነው። ልጆችዎ በወላጅ ፊት ቀርበው የተማሩትን ያሳዩ። ትምህርት ከሆነ ትምህርት እንላለን። ካልሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት ቤተ መጻሕፍቱን ይረከባሉ፤ ሁለተኛ ለን ለሌላ መምህር እንሰጣለን። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እስኪ እናያለን።»

የእኛ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንዳይጠፋ ተብሎ ተቆልፎ የሚውል ክፍል ነው። ልጅ አይገባበትም።

ያን ቀን ማታ አብረን እስከ አየር ጤና ወረድን። የታክሲ ረዳቶቹ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያሉ ይጣራሉ፣ ጋራዡ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እሳቸው ግን አንዱንም የሰሙ አይመስሉም። ፌርማታው ላይ ስንደርስ ቆሙ። «ክብሮም፣ ልጅ በሌለበት ምን ላደርግ ነው?» አሉኝ። «ጠዋት ስነሳ እኮ የሚያነሳኝ እነሱ ናቸው። አርጅተሻል ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።» ዓይናቸው ሞላ። እኔ ሰው ማጽናናት አልችልበትም። «ዋናዎን እናሻሽላለን» አልኳቸው። ከእንባቸው መሃል ሳቁ፤ ታክሲ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የተለማመዱትን ልምምድ የዋንጫ ቡድንም አይለማመደው። ማስታወቂያው ሲመጣ እትዬ ዘመነች ስልኩን ደረታቸው ላይ ደፍተው ያሳልፉታል፤ ልጆቹ ግን አንዴ ከያዙት ወዲያ የሚለቁ አልሆኑም፤ ደረታቸውን እያዩ ራሳቸውን ያወዛውዛሉ። አቶ ኃይለመስቀል በወላጆች ቀን ትልቁ ቴሌቪዥን ከመምህራን ሻይ ክበብ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ እንዲቆም አዘዙ፤ ወላጅ ቪዲዮውን ከልጆቹ ጋር አብሮ እንዲያይ። ይህ በእኛ ላይ የተሠራ ግፍ ነበር። ሰኞ ሰኞ በምሳ ሰዓት የሳምንቱን የእንግሊዝ ጨዋታ በድጋሚ የምናይበት ቴሌቪዥን ነው። መምህራኑ አጉረመረሙ። እኔም አጉረመረምኩ፤ ግን ዝቅ አድርጌ።

የወላጆች ቀን ከማለዳው ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሞንታርቦው ዘፈን ይለቃል፣ ወላጅ ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። ፅዮን ሁለተኛው ረድፍ ላይ እጇን አጣምራ ነበረች። ሌሎቹ ክፍሎች መዝሙርና ግጥም አቀረቡ። የሁለተኛ ለ ተራ ሲደርስ ልጆቹ ነጭ ካልሲ አድርገው ተሰለፉ፤ እትዬ ዘመነች የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ሪሞቱን በሁለት እጅ ይዘዋል። ነካ አደረጉት። ቢጫው ኮፍያ ብቅ አለ።

ዝናቡ ድንኳኑ ላይ ወረደ፤ መብራት ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ሞንታርቦው ጸጥ አለ። ከወላጅ መሃል «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ዘመነች ሪሞቱን ደጋግመው ተጫኑ፤ መብራት እንደሌለ እያወቁ ተጫኑ። ከንፈራቸው ደርቋል። ወደ ልጆቹ ዞሩ፤ ተመልሰው ጥቁሩን ስክሪን አዩ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ፤ ለራሴ ጨዋታ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያኔ ርሆቦት ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣች። «ሄሎ ፍሬንድስ!» አለች።

ሰልፉ ሁሉ «ሄሎ ፍሬንድስ!» ብሎ መለሰላት። ቪዲዮው ከሌለ ልጆቹ ቪዲዮውን ሊሆኑት ነው! ግን እንደ ልማዳቸው ሁሉንም ነው፣ ምንም ሳይቀር። ርሆቦት የዘለለችው የፀጉር ቅባት እንኳ ተመልሶ መጣ፤ ያ ሁሉ ጭንቅላት ግራ ቀኝ ተወዛወዘ። ወላጅ መሳቅ ጀመረ። «ፋይቭ፣ ፎር፣ ስሪ፣ ቱ፣ ዋን፣ ስኪፕ!» ሲሉ እኔ ዓይኔን ወደ ፅዮን ላክሁ። ፊቷ ቀልቷል። ልጆቹ ወደ ስፖርቱ ገቡ። «ፉትቦል!» መቱ። «ባስኬትቦል!» ወረወሩ፤ እኔ እንዳሳየሁት ነው የወረወሩት፣ ውሻ ማባረሩ የለም። «ቴኒስ!» «ሆኪ!» «ስዊሚንግ!»

ስዊሚንግ ላይ ሁሉም አንድ ክንዳቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ ቀጥ ብለው ቆሙ። አፋቸው ተከፍቷል። ዝም።

ወላጅ ጠበቀ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። አንዷ እናት «ረሱት መሰለኝ፣ የኔ ጌቶች» አለች። አቶ ኃይለመስቀል ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀጣዩን ክፍል ለመጥራት ፕሮግራም መሪዋን በእጃቸው ጠቀሱ። እትዬ ዘመነች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ እሳቸውም የረሱት መስሏቸዋል። በዚህ ጊዜ ርሆቦት አንድ ክንዷ እንደተዘረጋ በሌላኛው እጇ ጣት አየር ላይ ትንሽ ክብ ማዞር ጀመረች። ታዞራለች፣ ወደ መምህሯ ታያለች። ጎረቤቷም ማዞር ጀመረ። ወዲያው የሰልፉ ጣት ሁሉ ይዞር ገባ።

አልረሱም። ኔትወርኩ የሚደክምበት ቦታ ደርሰው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚናገሩት እትዬ ዘመነች ናቸው፤ ተራው የእሳቸው ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ተራ ይጠብቃሉ። ይህ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ወሬ ነው ያልኩትን እነሱ የትምህርቱ ክፍል አድርገው ይዘውታል።

እሳቸውም ገባቸው። ሪሞቱን ወንበር ላይ ጣሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አንድ ክንዳቸውን ወደ ላይ ላኩ፤ በጆሯቸው ጎን፣ አሳምረው። «ዋት አም አይ ዱዊንግ?» አሉ። ድምፃቸው ያለ ሞንታርቦ እስከ ጥግ ደረሰ።

«ዩ አር ስዊሚንግ!»

«ዋት አር ዩ ዱዊንግ?»

«ዊ አር ስዊሚንግ!»

በጣታቸው ወደ አቶ ኃይለመስቀል አመለከቱ። «ኢዝ ሂ ስዊሚንግ?»

«ኖ! ሂ ኢዝ ሲቲንግ!» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ እትዬ ዘመነች ልጆቹን አንድ በአንድ ያዟቸው። ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» አሉ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ አንድ ዓይን አፋር ልጅ ነበረ፤ እኔን አሳይተው ሲጠይቁት «ቲቸር ክብሮም ኢዝ ክራይንግ» አለ። ውሸቱን ነው። ዓይኔ ውስጥ ዝናብ ገብቶ ነው።

በመጨረሻ ርሆቦት ሰልፉን ትታ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሄደች፤ ይህ በልምምድ ላይ የለም። እናቷ ፊት ቆማ «ማሚ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» አለቻት። ፅዮን አፏን በእጇ ያዘች። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየፈለገች፣ «አይ አም… ሉኪንግ» አለች። ርሆቦት ልክ እንደ እትዬ ዘመነች ራሷን ነቀነቀችና «ቬሪ ጉድ» ብላት ወደ ሰልፏ ተመለሰች። ልጅ ያቦካው ያን ቀን ለራት ተርፎ ለጎረቤት ይበቃ ነበር።

ጭብጨባው እስኪበርድ ብዙ ቆየ። አቶ ኃይለመስቀል ተነሡ። ፍርዱ የሚነገረው አሁን እንደሆነ እኔም እትዬ ዘመነችም አውቀናል። እሳቸው ከልጆቹ ጎን ቆመው የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይጠቀልላሉ። አቶ ኃይለመስቀል ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

«ክቡራን ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣ ትምህርት የአንድ አገር የዕድገት መሠረት እንደመሆኑ መጠን፣ የመማር ማስተማሩ ሂደት ከጊዜው ጋር አብሮ መሄድ እንዳለበት…»

ሄዱ። በመሠረቱ ዞሩ፣ በዕድገቱ ተመለሱ። እትዬ ዘመነች ፊታቸው እየገረጣ መጣ። እኔ መግል ጀምሬ ነበር፤ አፌን ልከፍት ስል ከሁለተኛው ረድፍ አንድ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ፋይቭ…»

ፅዮን ነች። አቶ ኃይለመስቀልን ሳይሆን እትዬ ዘመነችን ነው የምታየው። ዓይኗ ረጥቧል፣ ትስቃለች።

«ፎር…» አለች። ልጆቹ ተቀበሏት። «ስሪ!» ወላጁ ገባበት። «ቱ! ዋን!» ድንኳኑ ሙሉ፣ አዛውንቱ ሳይቀሩ፣ «ስኪፕ!» አለ።

አቶ ኃይለመስቀል ወረቀቱን ይዘው ቀሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በዚያ ዓመት መነጽር ሲያወልቁ ጥሩ ነገር የመጣው ያኔ ብቻ ነው። ሳቃቸውን ለመያዝ ሞክረው አልተሳካላቸውም። «እሺ» አሉ። «ሁለተኛ ለ የእትዬ ዘመነች ነው። ቴሌቪዥኑም እዚያው ይግባ።»

እትዬ ዘመነች ባገኙት ዴስክ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ልጆቹ ተደርበውባቸው ነጠላቸው እንኳ አይታይም ነበር። ከኋላዬ የሂሳቡ መምህር «የሰኞው ጨዋታስ?» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። ዝም በል አልኩት።

ዘንድሮ ቴሌቪዥኑ ሁለተኛ ለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጆቹ አዲስ ናቸው። የግቢው ኢንተርኔትም ተሻሽሎ ቪዲዮው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውልፍት ሳይል ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ላይ ቆሜ አየሁ። ባለ ቢጫ ኮፍያዋ «ስዊሚንግ!» አለችና ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል እትዬ ዘመነች ሪሞቱን አንሥተው አቆሟት። አንድ ክንዳቸውን ወደ ላይ ላኩ፤ አዲሶቹ ልጆችም ግራ እየተጋቡ የእነሱን አነሡ። «ዋት አም አይ ዱዊንግ?» ብለው ጠየቁና፣ ከአንድ ዓይን አፋር ልጅ መልስ እስኪመጣ ክንዳቸውን ሳያወርዱ ጠበቁ።